ስንት አደርሽ

ጋሽ ንጋቱ ያንን ወሬ ሲያወሩ ሁልጊዜ መጀመሪያ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ። «ያቺ የሰባተኛ ፎቋ ዘርትሁን» ብለው ይጀምራሉ። እናቷ ሞተችባት። አለቀሰች። ሰው እናቱ ስትሞት የሚያደርገውን አደረገች እንጂ ሌላ ያጠፋችው ነገር የለም። አምባሯ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰማንያን ሦስት ጊዜ ነካ። በስምንተኛው ቀን ወንበሯ ባዶ ሆነ። እሷን እፎይታ አስገቧት፤ ልጆቿን አንዱን ለአዳማ ሰው፣ አንዷን ለሐዋሳ ሰው አዛወሯቸው። ጋሽ ንጋቱ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሌባ ጣታቸውን ያነሳሉ። «ደግሞ መጠየቅም ይቆጠራል። መመሪያው ምን ይላል ብሎ ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ክፍል የወረደ ሰው ስሙ ይያዛል።»

ዘርትሁንን በዓይኑ ያየ ሰው ዘጠነኛው ፎቅ ላይ የለም። ራሳቸው ጋሽ ንጋቱም አላዩዋትም። ወሬው ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አንዲት ቃል አልተጨመረበትም፣ አንዲት ቃል አልጎደለበትም። መመሪያው ሁለት መቶ ገጽ ነው፤ ሁሉም ሥራ የጀመረ ቀን «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ነክቶ አልፎታል። ያነበበው ስለሌለ የጋሽ ንጋቱ ወሬ መመሪያ ሆኖ ተቀመጠ።

ውዳላት አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። በመዝገብ «ተሸካሚ» ትባላለች። ከአርባ እስከ ስልሳ ዓመት ያለ፣ ከላዩ አሮጊት ወይም ሽማግሌ፣ ከሥሩ ልጅ ያለበት ሰው ሁሉ ተሸካሚ ነው። የእሷ የላዩ ደብረ ታቦር ያሉት አባቷ መሪጌታ ይስማው ናቸው፤ ዘጠና አንድ ዓመታቸው። የታቹ ደግሞ የአሥራ አራት ዓመቷ ቤዛዊት። ባሏ ከአምስት ዓመት በፊት «ትንሽ ልተንፍስ» ብሎ ከቤት እንደወጣ ቀረ፤ የት ሆኖ እየተነፈሰ እንደሆነ አጣርታ አታውቅም።

ተሸካሚ አምባር ያስራል። ግራጫ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ከግራ እጅ አንጓ አይወልቅም፣ ላዩ ላይ የልብን ጭንቀት የሚለካ አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ከመጣ ወዲህ ሰላምታው ተቀይሯል። አሳንሰር ውስጥ «እንዴት አደራችሁ» የሚል ሰው ቢገኝ ወይ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ የሚለምነው ነገር አለ። የሚባለው «ስንት አደርሽ?» ነው። «ሃምሳ ሦስት፣ ተመስገን። እርስዎስ?» «ስልሳ። ዛሬ ትንሽ ከፍ ብያለሁ።» ከሰባ በላይ ያደረ ሰው ዘጠኙን ፎቅ በደረጃ ይወጣል። ማንም አላዘዘውም፤ አሳንሰር ውስጥ ሃያ ዓይን እጁ ላይ ከሚያርፍ ጉልበቱ ቢያልቅ ይመርጣል።

ሥራቸው ውኃ ማከፋፈል ነው። አዳራሹ ውስጥ ሃያ አራት ጠረጴዛ አለ፤ በየጠረጴዛው የከተማው አንድ ቁራጭ። ውዳላት ጉለሌንና ሽሮ ሜዳን ትይዛለች፣ ከጎኗ ጋሽ ንጋቱ ቀጨኔን። በገንዳዎቹ ያለው ውኃ የሚበቃው ለግማሹ ሰው ስለሆነ ሥራው ከመክፈት ይልቅ መዝጋት ነው። በየሃያ ደቂቃው አንዱን ሰፈር ይዘጋሉ፤ የተዘጋበትም ወዲያው ይደውላል። ስልክ ሲነሳ ስም መናገር ግዴታ ነው። «ውዳላት ይስማው ነኝ፣ ምን ልታዘዝ» ይባልና ስድቡ ይከተላል። ዘር ማንዘሯ ሲነሳ እየሰሙ ሃምሳ አምስት ላይ መቆየት፣ ሙያ ማለት ያ ነው።

አምባር ሰማንያ ሲነካ ጠረጴዛው ይተኛል። ሰሌዳው ግራጫ ይሆንና አንዲት ለስላሳ ሴት «ትንሽ ይረፉ» ትላለች። ሰፈሩ ግን አያርፍም፤ ዘሎ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል፤ የጎረቤትየውም ቁጥር አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ሰማንያ የነካን ሰው ማንም አያዝንለትም። ምሳ ሰዓት ላይ አብሮት የሚቀመጥ ያጣል፣ በቃ። በሩብ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የነካ እፎይታ ይገባል። እፎይታ ሐይቅ ዳር ነው ይላሉ፤ ዓመት ሙሉ ወፍ እያዳመጡ መቀመጥ ነው ይላሉ፤ ምግቡም ደህና ነው። እዚያ የሚደረግ ክፉ ነገር አለ ያለ ሰው የለም። ነገር ግን የሚያርፈው ተሸካሚው ብቻ ነው። የተሸከመው ልጅ ተጠቅሎ ወደ ሌላ ተሸካሚ ይተላለፋል።

ውዳላት ጥር ላይ ዋናው የእንጦጦ መስመር የፈነዳ ዕለት አንድ ጊዜ ሰማንያ ነካች። የካቲት ላይ ቤዛዊት ከትምህርት ቤት ደረጃ ወድቃ ክንዷ የተሰበረ ቀን ሁለት። ሩብ ዓመቱ የሚዘጋው መጋቢት ሠላሳ ነው።

መጋቢት ስድስት ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ወንድሟ አዛናው ከደብረ ታቦር ደወለ። ኮሪደሩ መስኮት አጠገብ ቆማ አነሳችው።

«እታለም፣ ስንት ዋልሽ?» አላት።

«ስልሳ ሁለት። ምነው በዚህ ሰዓት?»

አዛናው ጉሮሮውን ጠረገ። አባዬን ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዞት እንደነበር፣ አሁን ሻል እንዳለው፣ ከጠዋት ጀምሮ ግን የእሷን ድምፅ ካላሰማኸኝ ብሎ እንዳስቸገረው ነገራት። «ጉንፋን» ሲል ቃሉን ጎተታት። ውዳላት ወንድሟን ከልጅነቱ ታውቀዋለች፤ ሲዋሽ ቃል ይጎትታል።

ደብረ ታቦር በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ነው። በሐሳቧ ባቡሩ ላይ ወጣች፣ ጣቢያው ወረደች፣ የግቢውን በር ገፋች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጇን አየችው። ስልሳ ዘጠኝ። ገና ማሰቧ ነው። ከስልኩ ወዲያ ሳል ተሰማ፤ ደረቅ፣ አጭር፣ እንደ መለኮስ እምቢ ያለ ክብሪት። ሰባ አራት።

«ወንድምዓለም፣ አታቅርብልኝ» አለች። «ድምፁን ከሰማሁ አልችልም። ሁለት ነክቻለሁ፣ ሃያ አራት ቀን ነው የቀረኝ። ሚያዝያ አንድ በጠዋት እኔው እመጣለሁ፣ በለው።»

ከአዛናው ኋላ ያ ሳል እንደገና ተሰማ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ልክ ነሽ። ልጅሽን ያዢ።»

መታጠቢያ ቤት ገብታ ሁለት እጇን ቀዝቃዛ ቧንቧ ሥር ዘርግታ ቆመች። ከጎኗ አንዲት ሌላ ሴት እንደሷው እጇን ዘርግታ ቆማለች። ስልሳ ስድስት ሲል እጇን አድርቃ ወጣች፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ሽሮ ሜዳን ዘግታ ጉለሌን ከፈተች።

ከዚያ ወዲህ አዛናው በየሁለት ቀኑ መደወል ጀመረ። ከዚያ በፊት በወር አንዴ ቢደውል ነው። ድምፁ ፈካ ብሏል። ዕድሜውን ሙሉ ቀልድ ሲሰማ «እና?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አሁን ራሱ ይቀልዳል፤ ስለ ጎረቤት በግ፣ ስለ አንድ ሰካራም። «አባዬስ?» ስትለው «ተኝቷል» አላት። ሌላ ቀን «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» አላት። አባታቸው ከመጋረጃው ወዲያ ለመሄድ እንኳ ክንድ የሚሹ ሰው ናቸው። ውዳላት «ጎሽ፣ ጠንክሯል ማለት ነው» አለችና በሦስተኛው ስልክ ስለ አባቷ መጠየቅ ተወች። አዛናውም ስላልጠየቀችው እፎይ ሲል ትንፋሹ ተሰማት።

ወይዘሮ ትርንጎ ውዳላት የምትኖርበት ሕንፃ የእድር ሰብሳቢ ናቸው። ወትሮ ደረጃ ላይ ሲያገኟት ስለ ቆሻሻ ማስቀመጫው ሳይጨቃጨቋት አያሳልፏትም። አሁን መንገድ ለቀቁላትና «አይዞሽ» አሏት።

«ለምኑ?»

«ለሥራው ነዋ። ሥራው ከባድ ነው እያሉ ሲያወሩ ሰምቼ ነው።»

ቅዳሜ የእድሩ ወንዶች ጣራው ላይ ድንኳኑን ዘርግተው ሲያራግፉ አየች። ፀሐይ ልናስመታው ነው አሉ። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም። ድንኳን የሚራገፈው ለሆነ ሰው እንደሆነ፣ በሕንፃው ውስጥ ያልሰማችው የሞት ወሬ እንደሌለ ታውቃለች፤ አልጠየቀችም።

ውዳላት ሞኝ አይደለችም። የምታውቀውን ነገር ከበር ውጭ አቁማዋለች እንጂ። ቀን ቀን ኮቴው ይሰማታል፣ ሲጠብቅ ሲሰለች፣ እግር ሲቀይር። አትከፍትም። ፊት ስትታጠብ አትከፍትም፣ ለቤዛዊት ቁርስ ስታቀርብ አትከፍትም፣ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከትከሻዋ በላይ ሲስሉ ጥርሷን ነክሳ የሚቀጥሉትን ፌርማታዎች ትቆጥራለች። ሰው ሊያውቅ ሲል ልቡ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ያችን ነገር በጭራሽ እንዳያደርግ ልቧን እንደ ሕፃን እጅ ይዛ አደባባይ አሻገረችው፣ በየቀኑ። ቁጥሯ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ አራት፣ ስልሳ አንድ። አለቃዋ በአዳራሹ ፊት አመሰገናት።

ከሁሉ ይልቅ ያስፈራት ሌላ ነው። ጋሽ ንጋቱ የዘርትሁንን ወሬ ማውራት አቆሙ። ሦስት ዓመት በሳምንት ሁለት ጊዜ የሰማችው ወሬ ድንገት ጠፋ። አንድ አዲስ ተቀጣሪ «ያቺ ሴትዮ እንዴት ነበር ነገሯ?» ቢላቸው «የምን ሴትዮ» ብለው ዓይናቸውን ሰሌዳቸው ላይ ተከሉ።

መጋቢት ሃያ አራት ቀን ረፋድ ላይ ሽሮ ሜዳ ተዘግቶ ነበር። ስልኩ ጮኸ።

«ውዳላት ይስማው ነኝ፣ ምን ልታዘዝ።»

የአሮጊት ድምፅ ነው፤ ስለ ውኃው ማማረር ጀመሩ። ሁለት ቀን ሆነን፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ እናንተ ደግሞ እዚያ ፎቅ ላይ። መሐል ላይ ቀጥ አሉ።

«ይስማው አልሽ? የመሪጌታ ይስማው ልጅ? የደብረ ታቦሩ?»

ውዳላት አምባሯን አየችው። ሰባ አንድ።

«ውይ ልጄን» አሉ አሮጊቷ፣ ድምፃቸው ተለወጠ። «እኔ እኮ ትናንት ነው ከዚያው የመጣሁ። ምን አይነት ሰው ነበሩ መሰለሽ። እግዜር ያጽ—»

የጋሽ ንጋቱ እጅ በጠረጴዛዋ ላይ ተሻግሮ መስመሩን ቆረጠው።

አዳራሹ ሥራውን ይሠራል። ሰው ያወራል፣ ስልክ ይጮሃል። ውዳላት እጇን አላየችም፤ ጋሽ ንጋቱ ግን ያዩታል፣ ከፊታቸው ታነባለች። ሰባ ስድስት። ሰባ ስምንት። ከንፈራቸው ነጣ።

«መስመሩ ተበላሸ» አሉ። «እነዚህ የሽሮ ሜዳ መስመሮች አሮጌ ናቸው። ስሚ፣ ዛሬ ቀጨኔ ግፊት አንሶኛል። ገንዳዎቹን ከላይ ጀምረሽ ጥሪልኝ እስቲ። በተራ።»

«ጋሽ ንጋቱ—»

«በተራ፣ አልኩሽ። ከእንጦጦ።»

«እንጦጦ አንድ» አለች። «እንጦጦ ሁለት። ቁስቋም። ሽሮ ሜዳ ላይኛው።»

«ሽሮ ሜዳ ላይኛው ስንት ይይዛል?»

«ሁለት ሺህ ሜትር ኩብ።»

«አሁን ስንት አለው?»

«ሦስት መቶ ዐሥር።»

«ቀጥዪ።»

ቀጠለች። ሽሮ ሜዳ ታችኛውን፣ ጉለሌ አንድን፣ ጉለሌ ሁለትን፣ የሆስፒታሉን ገንዳ፣ ሸለቆውን። አንዱን ገንዳ ስትጠራ ውኃው ጨለማ ውስጥ ረግቶ ታያት። ሁሉንም ጨርሳ እንደገና ከእንጦጦ ጀመረች። ሦስተኛው ዙር ላይ እጇን አየች፤ ሰባ አንድ። ከዚያ ሳታስበው የጋሽ ንጋቱን እጅ አየች፤ ሰባ ዘጠኝ። ጋሽ ንጋቱ ነሐሴ ላይ ስልሳ ይሞላቸዋል። አምስት ወር ሲቀራቸው ነው እጃቸውን ያሻገሩት።

እጃቸውን ከጠረጴዛ በታች አደረጉት።

«ያቺ ሴትዮ ምን ልትለኝ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

ጋሽ ንጋቱ ወደ ሰሌዳቸው ዞሩ።

«ውኃ ጠፋ ልትልሽ ነዋ። ሌላ ምን ትልሻለች።»

«አዎ» አለች። «ውኃ ነው።»

ተራው ያልሆነውን የሽሮ ሜዳን መስመር ለሃያ ደቂቃ ከፈተችው። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ግፊት» ብላ ጻፈች።

መጋቢት ሠላሳ ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሩብ ዓመቱ ተዘጋ። ሃምሳ ስምንት ላይ ነበረች። አምባሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጭልጭል አሉና የሁሉም ጥፋት ዜሮ ሆነ። አንዳንዱ ተቃቀፈ። ውዳላትን ያቀፋት የለም፤ ግን ሲያልፉ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ እያሳረፉ አለፉ፣ አንድ በአንድ፣ ሃያ ሦስት ሰው። ያን ጊዜ ኮቴው በሩ ድረስ መጣ። ገና ነው አለችው።

ቤት ገብታ ከቁም ሣጥኑ ታች ጥቁር ቀሚሷን አውጥታ መተኮስ ጀመረች። ቤዛዊት ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ታያታለች። ለምን ጥቁር እንደምትተኩስ አልጠየቀቻትም። ተነሥታ መኝታ ቤቷ ገባች፣ የራሷን ጥቁር ሹራብ ይዛ ወጣች፣ አጣጥፋ ከቀሚሱ ጎን አስቀመጠችው።

ውዳላት ተኩሱን አቆመች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጋቢት አሥር» አለች ቤዛዊት። «ማዘር ትርንጎ ነገሩኝ። አጎቴ ደግሞ ደውሎ አደራ አለኝ።»

ሃያ ቀን። ሃያ ቀን ማታ ማታ አብረው በልተዋል፣ ስለ ሒሳብ ፈተና አውርተዋል፣ አንድ ቀን እንዲያውም ስቀዋል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አምባር አታስርም። የእሷን ስንት የሚያውቅ የለም።

«ነይ» አለቻት። ሹራቧን ተቀብላ ተኮሰችላት።

በማግሥቱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ፤ መርዶ የሚነገርበት ሰዓት ነው። አዛናው ነው፤ ከኋላው ሁለት ሽማግሎች፣ ከነሱ ኋላ ወይዘሮ ትርንጎና የእድሩ ሰዎች ደረጃውን ሞልተውታል። ሁለተኛውን ሳያንኳኩ ከፈተች። ጥቁሯን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የቆመችው። ሽማግሌው ተለማምደው የመጡትን ንግግር «ልጃችን፣ ሰው ሆኖ የተፈጠረ ሁሉ…» ብለው ጀምረው ሲያዩዋት ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

«ስንት ቀኑ ነው?» አለች።

«ሃያ ሦስት» አለ አዛናው። ፊቱ ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል።

ቆጠረችው። መጋቢት ስምንት። ከዚያ ስልክ በኋላ ሁለት ቀን።

«ያን ቀን… አታቅርብልኝ ስልህ፣ ሰማኝ?»

አዛናው ወደ ሽማግሎቹ አየ። የሚያድነው አላገኘም።

«ስልኩ ጮክ ብሎ ነበር፣ እታለም። ጆሮው ስለከበደ ከፍ አድርጌው ነበር።»

«ምን አለ?»

«‹ሥራ ላይ ናት፣ አታስቸግራት› አለ። ከዚያ ወዲያ ብዙ አልተናገረም።»

አዳራሹ ውስጥ ያልሆነው ነገር እዚያ በር ላይ ሆነ። «አባዬ!» ብላ ጮኸች፤ ደግፈው አስገቧት፤ ሴቶቹ አለቀሱ። ለቅሶው እንደ ጥንቱ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ተጨምሮበታል። የአክስቷ ልጅ ከአጠገቧ ተቀምጣ የውዳላትን ግራ እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችው፣ እንደ አራስ ጭንቅላት፣ ቀና አድርጋ። አስለቃሿ ግጥሟን እያወረደች፣ ደረት እየተመታ፣ ለቅሶው ሲግል የአክስት ልጅ «ሰባ አምስት» ትላለች። ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። አስለቃሿ ግጥሟን መሐል ላይ ቆርጣ ውኃ ትጎነጫለች። ሰዎቹ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። «ስልሳ ሦስት» ስትል ከተቋረጠበት ቃል ይቀጥላል። አዲስ ሩብ ዓመት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ ማቃጠል ማንም አልፈለገላትም።

ጋሽ ንጋቱ በሁለተኛው ቀን መጡ። ወንዶቹ መሐል ተቀምጠው አቀርቅረው ቆዩና ሲነሡ ወደ እሷ ጎንበስ ብለው ስንት እንደዋለች ጠየቋት። ስልሳ ስምንት አለቻቸው። «ጎበዝ» አሏት። በሦስቱ ቀን ከሰባ ሰባት አላለፈችም። ለቀስተኛው ሁሉ አደነቃት።

በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። ሦስት ቀን የቀረ ሰው ምድር ቤት ወርዶ ማስመዝገብ አለበት፤ ሰባ ሁለት ሆና በደረጃ ወረደች። መስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። እጇ ባዶ ነው፤ ደረቷ ላይ «ያብስራ» የሚል ስም አለ።

«ምክንያት?» አለች ቀና ሳትል።

«ሐዘን።»

«የማን?»

«የአባቴ።»

«መቼ አረፉ?»

«መጋቢት ስምንት።»

ልጅቷ መጻፏን አቆመች። «መጋቢት ስምንት አርፈው እርስዎ እስካሁን ሥራ ላይ ነበሩ?»

«ሰምቼ አልነበረም» አለች ውዳላት።

«ታመው ነው ወይስ በድንገት?»

«ታሞ ነበር። አንድ ሰሞን።»

«ታዲያ የማስታመሚያውን ለምን አልሞሉም?»

«የምን ማስታመሚያ?»

ያብስራ ጎንበስ ብላ ከታችኛው መሳቢያ አንድ ወፍራም የወረቀት ጥቅል አወጣች። ማሰሪያው አልተፈታም፤ አቧራውን በመዳፏ ጠረገችና ከላይኛው አንዱን ስባ አውጥታ በመስኮቱ አሳለፈችላት።

«ቅጽ አሥራ አራት። ወላጅ ታሞ እስኪያስታምሙ፣ ሞቶም አርባው እስኪወጣ አምባር አይቆጠርም። ቢፈልግ መቶ ይግባ። መመሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ እኮ ነው ያለው።»

ውዳላት ወረቀቱን ያዘችው። ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚሞላው፤ ስምና የወላጅ ስም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አምባር ከታሰረበት ቀን ጀምሮ ነዋ።»

«ሞልቶት የሚያውቅ ሰው አለ?»

ልጅቷ መዝገቡን ከፍታ በጣቷ ወደ ታች ወረደች። ብዙ መውረድ አላስፈለጋትም።

«ከዚህ ሕንፃ አንድ ሰው። ዘርትሁን የሚባሉ፣ ሰባተኛ ፎቅ የነበሩ። እናታቸውን አስታመው፣ ቀብረው፣ አርባውን አውጥተው ከነልጆቻቸው ተመልሰዋል። አሁን አቃቂ ቅርንጫፍ ናቸው። ለቤታቸው ስለሚቀርባቸው ነው የተዛወሩት።»